የሕጻን አንጎል በኤምአርአይ፦ መጀመሪያ ዕድሜው፣ ከዚያ ምስሉ

ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደች ሕጻን ሐምሌ 12 ቀን ለአንጎል ኤምአርአይ ቀረበች እንበል። ስድስት ወር ሞልቷታል። የመሣሪያው ኮምፒውተር የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነውና መዝጋቢው የልደቷን ቀን መለወጥ አለበት፤ ትክክሉ ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ነው። ሰልፉ ረዝሟል፣ ስልኩ ይጮኻል፤ ዓመቱ ላይ ስምንት ይደመርና ቀንና ወሩ እንዳሉ 10/5/2024 ተብሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ ሜይ 10 ብሎ ይቀበለዋል። የስድስት ወሯ ልጅ የሁለት ወር ልጅ ሆነች።

ታካሚው የአርባ ዓመት ሰው ቢሆን ይህ ስሕተት ከወረቀት አያልፍም ነበር። የሕጻን አንጎል ግን በአራት ወር ውስጥ ሌላ መልክ ይይዛል። የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ድልድይ፣ ኮርፐስ ካሎሰም የሚባለው፣ የኋላ ጫፉ ቲ-1 በሚባለው ምስል ላይ በአራተኛው ወር ገደማ ነጥቶ መታየት አለበት። በሁለት ወር ካልነጣ ምንም አይደለም፤ በስድስት ወር ካልነጣ ግን ዘግይቷል። ራዲዮሎጂስቱ የስክሪኑ ጥግ ላይ "2 ወር" የሚል ካየና የዘገየውን አንጎል "ለዕድሜዋ ተገቢ ነው" ብሎ ከጻፈ አይፈረድበትም። የተሳሳተው ምስሉ ሳይሆን ዕድሜው ነው።

በልጆች ላይ ኤምአርአይ "አንጎሉ ጤነኛ ነው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ አይሰጥም። የሚመልሰው "በዚህ ዕድሜ ሊደርስበት ከሚገባው ላይ ደርሷል ወይ?" የሚለውን ነው። ስለዚህ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜው ይስተካከላል። በ30ኛው ሳምንት የተወለደ ልጅ አሥር ሳምንት ቀድሞ መጥቷል፤ ከተወለደ 26 ሳምንት ሲሆነው አንጎሉ የሚመዘነው በ16 ሳምንት ሕጻን መለኪያ ነው። ይህ ማስተካከያ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይሠራበታል። የምርመራ መጠየቂያው ላይ እርግዝናው በስንት ሳምንቱ እንደተጠናቀቀ ካልተጻፈ አንባቢው ይገምታል፤ ግምት ደግሞ እንዲህ ባለ ነገር ላይ አያዋጣም።

ውሃው ሲቀንስ፣ ቅባቱ ሲጨምር

ኤምአርአይ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። በ1.5 ወይም በ3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ማግኔት ውስጥ፣ በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች አቅጣጫ ይይዛሉ፤ የሬዲዮ ሞገድ ከአቅጣጫቸው ያናጋቸዋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን ምልክት መሣሪያው ይለቅማል። የሚመለሱበት ፍጥነት ደግሞ ውሃው እንደልቡ የሚንቀሳቀስ ነው ወይስ በቅባትና በፕሮቲን መካከል የተያዘ በሚለው ይለያያል። የአራስ አንጎል ውሃ የበዛበት ነው። ቀስ በቀስ የነርቭ ክሮቹ ማየሊን የሚባል ቅባታም ልባስ ይጠመጠምባቸዋል፤ ልባሱ በወፈረ ቁጥር መልእክቱ ይፈጥናል፣ ውሃው ይቀንሳል፣ ምስሉም ይለወጣል።

ማየሊን የያዘው ክፍል በቲ-1 ምስል ይነጣል፣ ቲ-2 በሚባለው በሌላው ዓይነት ምስል ይጠቁራል። የአዋቂ ምስል ማየት ለለመደ ዓይን የአራስ ምስል የተገለበጠ ይመስላል፤ ነጭ የሚባለው፣ የነርቭ ክሮቹ ያሉበት የአንጎል ክፍል፣ በቲ-1 ላይ የነርቭ ሕዋሳቱ ካሉበት ከግራጫው ይልቅ ጠቆር ይላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ድንበራቸው ይጠፋል። አንጎልን ከፋፍለው መጠኑን የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ዕድሜ ነው። ለአዋቂ በተሠራ ፕሮግራም የሰባት ወር ልጅን አንጎል መለካት ቁጥር ይሰጣል፤ የቁጥሩን ትርጉም ግን የሚያውቅ የለም።

ልባሱ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከመሀል ወደ ዳር ይሄዳል። በወቅቱ የተወለደ ሕጻን ሲወለድ የአንጎል ግንዱ የኋላ ክፍልና ወደ እጅና እግር የሚወርዱት መስመሮች የሚያልፉበት ኢንተርናል ካፕሱል የኋላ ክንፉ ማየሊን ይዘዋል። በቲ-1 ላይ የካፕሱሉ የፊት ክንፍ በሦስት ወር ገደማ ይከተላል፤ የድልድዩ የኋላ ጫፍ በአራት ወር፣ የፊት ጫፉ በስድስት ወር ይነጣሉ። ዓመት ሲሞላ ግንባር አካባቢ ያለው ሳይቀር የአዋቂ ይመስላል። ቲ-2 በጥቂት ወራት ይዘገያል። የድልድዩ የኋላ ጫፍ በስድስት፣ የፊት ጫፉ በስምንት፣ የካፕሱሉ የፊት ክንፍ በአሥራ አንድ ወር ገደማ ይጠቁራሉ፤ የግንባሩ ክፍል ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ወር ይወስዳል። ስለዚህ እስከ ስድስትና ስምንት ወር ድረስ ዕድገቱን የሚናገረው ቲ-1 ነው፤ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት ቲ-2 ይረከባል። ሁለቱም ካልተነሡ ምርመራው ጎደሎ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት አንድ ቦታ አለ። በአንጎል ውስጥ ካሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ጀርባ፣ ከኋላና ከላይ፣ ያለው ነጭ ክፍል ልባሱን የሚጨርሰው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ሁለት ዓመት አልፎትም በቲ-2 ላይ ደብዛዛ ንጣት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ጤነኛ ነው። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ የሚታየው የነጭ ክፍል ጉዳትም ልክ እዚያው ቦታ ላይ ይነጣል። መለያው ቅርብ ነው፦ በጤነኛው ልጅ ላይ በንጣቱና በክፍተቱ መካከል ልባስ የያዘ ቀጭን ጥቁር መስመር ይገኛል። በጉዳቱ ግን ንጣቱ እስከ ክፍተቱ ጠርዝ ይደርሳል፣ ጠርዙ ይጎረባብጣል፣ የነጩ ክፍል ውፍረትም ይቀንሳል። ይህን መስመር ሳያዩ የተጻፈ ሪፖርት አንድን ጤነኛ ልጅ ለዓመታት የአካል ጉዳተኛ እያስባለ ያዞረዋል።

መጠንም ይለካል። በመጀመሪያው ዓመት የአንጎል መጠን በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ በአሜሪካ በአራሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የኤምአርአይ ጥናት ጭማሪውን 101 በመቶ አድርጎታል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን 15 በመቶ ብቻ ነበር። ትንሹ አንጎል ሴሬቤለም በዚያው የመጀመሪያ ዓመት 240 በመቶ አደገ። ከኤምአርአይ በፊት ይህን ዕድገት የሚከታተል መሣሪያ ግን በየጤና ጣቢያው አለ፤ ቴፕ ሜትር ይባላል። የሕጻን ጭንቅላት ዙሪያ ሲወለድ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ዓመት ሲሞላው 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በየወሩ ተለክቶ በክትትል ካርዱ ላይ የተመዘገበ የጭንቅላት ዙሪያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተነሣ ውድ ምስል ይልቅ ብዙ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ልጁን ጸጥ ማድረግ

አንድ ሙሉ የልጅ አንጎል ምርመራ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱ ባለ ሦስት ገጽታ ቲ-1 ምስል ብቻውን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ነው፤ በዚያ መሀል ጭንቅላት ጥቂት ሚሊሜትር ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የተደራረቡ መስመሮች ይመጣሉ። ያ ግልጽ ብልሽት ስለሆነ ይደገማል። የከፋው ለዓይን የማይታወቀው ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴ ግራጫውን ክፍል ከእውነተኛው ይልቅ ቀጭን አስመስሎ ያሳያል። እንግዲህ እረፍት የለሽ ልጆችን ከረጋ ልጆች ጋር አወዳድሮ "አንጎላቸው ቀጭን ነው" ያለ ጥናት ምናልባት የለካው አንጎላቸውን ሳይሆን መቁነጥነጣቸውን ሊሆን ይችላል። በዚህ ዘርፍ የወጡ የቆዩ ውጤቶች በጥርጣሬ የሚነበቡት በዚህ ምክንያት ነው።

እስከ ሦስት ወር ላለ ሕጻን ከሁሉ የተሻለው መንገድ መድኃኒት የለውም። ከምርመራው በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ጡት እንዲቆይለት ይደረጋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው እስኪጠግብ ይጠባል፤ ያገሳል፤ ዳይፐሩ ይቀየራል፤ በጥጥ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። ባለ አየር ከረጢት ፍራሽ ካለ ልጁ መሀሉ ላይ ተኝቶ አየሩ ይሳባል፣ ፍራሹ እንደ ሻጋታ ይይዘዋል። ጆሮው ይደፈናል፣ በላዩ ላይ የአራስ የጆሮ መከላከያ ይደረጋል። የማሽኑ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላልና ይህ ለእንቅልፉ ብቻ ሳይሆን ለጆሮው ጤና ነው። ቶሎ የሚያልቁትና ጸጥ ያሉት ምስሎች ይቀድማሉ፤ የሚጮኸው የዲፍዩዥን ምስል (የውሃን እንቅስቃሴ የሚለካው) ልጁን ስለሚቀሰቅስ ወደ መጨረሻ ይገፋል። ልጁ በወሊድ ጊዜ ታፍኖ ኦክስጅን ያጠረው ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

እናትየው ቀድማ ካልተነገራት ይህ ሁሉ ይበላሻል። ብዙ እናቶች ልጁ እንዳያለቅስ ብለው በመንገድ ላይ ያጠቡታል፤ ልጁ መኪና ውስጥ ተኝቶ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ይነቃል። የቀጠሮው ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃ ነበር፦ "ሳያጠቡት ይምጡ፣ እዚህ ያጠቡታል።"

ከአራት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለው ጊዜ አስቸጋሪው ነው። መጠቅለል አይዘውም፣ ምክርም አይገባውም። ለሕክምና የሚነሣ ከሆነ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ለዚህ ደግሞ ጾሙ በሌላ ሕግ ይሄዳል፦ ምግብና የዱቄት ወተት ስድስት ሰዓት፣ የእናት ጡት አራት ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ያንዱን ሕግ ለሌላው መንገር አደጋ አለው፤ ጠግቦ የመጣ ሕጻን ማደንዘዣ ቢሰጠው አስመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየ ወይም የተደጋገመ ማደንዘዣ በአንጎል ዕድገት ላይ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በሌላ በኩል በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ለአጭር ቀዶ ሕክምና አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ማደንዘዣ የተሰጣቸውን ሕጻናት በአምስት ዓመታቸው ለክቶ ልዩነት አላገኘም። የኤምአርአይ ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ወላጅን ማስፈራራት አያስፈልግም፤ "ለማንኛውም እንየው" ለሚል ምርመራ ግን ልጅን ማደንዘዝ ተገቢ አይደለም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ልጅን የሚያሳርፈው ልምምድ ነው። ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ከስልክ የማሽኑን ድምፅ መስማት እንኳ ይረዳል፤ አንዳንድ ማዕከላት ማግኔት የሌለው የልምምድ ማሽን አላቸው።

ስለ ማግኔቱ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ማግኔቱ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ምርመራ ባይኖርም፣ ሌሊትም ቢሆን። በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት የስድስት ዓመት ልጅ በማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ ራሱን መትቶት ሞቷል። እኛ ጋ የሚፈተሸው ደግሞ የራሱ ዝርዝር አለው፦ በአንገት ያለ ክታብ በቆርቆሮ ወይም በብር ተሸፍኖ እንደሆነ፣ የማተቡ መስቀል፣ የጆሮ ጉትቻ፣ በሹሩባ ውስጥ የተደበቀ የጸጉር መያዣ፣ ፎጣውን ያያያዘ መርፌ ቁልፍ። ዓይን ላይ የተቀባ ኩልም ይታጠባል፤ ብረት ነክ ቅንጣት ካለበት የዓይንና የግንባር አካባቢን ምስል ያጣምማል፣ ሊሞቅም ይችላል። ክታቡን "አውልቂው" ሲባሉ ቅር የሚላቸው እናቶች አሉ። ከበር ውጭ አባት ወይም አያት በእጃቸው ይዘውት እንዲቆዩ ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

መቼ ይነሣ?

በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያለጊዜው መወለድና ኢንፌክሽን በኢትዮጵያ አራሶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው። ታፍኖ የተረፈ ልጅ አንጎሉ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ኤምአርአይ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ቀኑ ከተሳሳተ ግን ያታልላል። የዲፍዩዥን ምስል የሚለካው የውሃ ሞለኪውሎች በሕዋሳት መካከል ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ነው። የተጎዱ ሕዋሳት ሲያብጡ እንቅስቃሴው ይገታል፣ ምስሉ ይነጣል። በመጀመሪያው ቀን ከተነሣ ጉዳቱ ገና ስላልጎላ ያነሰ ይመስላል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን በደንብ ይታያል። በሰባተኛው ቀን ገደማ ያበጡት ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ ውሃው እንደገና ይላወሳል፣ ምስሉም ጤነኛ ይመስላል። ጉዳቱ ግን የትም አልሄደም። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናገሩት ቲ-1 እና ቲ-2 ናቸው። በአሥረኛው ቀን ተነሥቶ "ዲፍዩዥኑ ደኅና ነው" የሚል ሪፖርት ብቻውን ለወላጅ የሚያጽናና ነገር የለውም። እንዲህ ላለው ልጅ ዲፍዩዥን የሚቀድመውም ከነቃና ሌላው ሁሉ ከቀረ ቢያንስ ዋናው እንዲገኝ ነው።

አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው ቀደም ሲል የተጠቀሰውን የካፕሱል የኋላ ክንፍ ነው። በወቅቱ በተወለደ ልጅ ቲ-1 ላይ እዚያ ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር መኖር አለበት። ከጠፋ፣ በተለይ አጠገቡ ያሉት የመሀል አንጎል ክፍሎች ከተጎዱ፣ ልጁ በእንቅስቃሴ ላይ ከባድ ችግር ሊገጥመው እንደሚችል በአስተማማኝ ሁኔታ ይጠቁማል። እትብት ቀድሞ ሲወጣ ወይም ማኅፀን ሲቀደድ እንደሚሆነው ድንገተኛና ፍጹም የኦክስጅን መቋረጥ የሚመታው ይህንን መሀሉን ነው። ለሰዓታት የተራዘመ ከፊል እጥረት ደግሞ በትላልቆቹ የደም ሥሮች ግዛት መካከል ያለውን ድንበር ይጎዳል፤ ይህ ጉዳት በእጅና እግር ላይ ሳይሆን በኋላ በትምህርትና በቋንቋ ላይ ሊገለጥ ይችላል።

ያለጊዜያቸው ለተወለዱት ምስሉ የሚነሣው ሊወለዱበት ይገባ በነበረው ጊዜ፣ ማለትም ከ38 እስከ 42 ሳምንት ባለው ነው። ሁሉም ግን አያስፈልጋቸውም። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2015 ለያንዳንዱ ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ እንደ ልማድ ኤምአርአይ ማንሣትን አይመከሩም ካላቸው ነገሮች መካከል አስገብቶታል። ውጤቱ ለብዙዎቹ ሕክምናውን አይለውጥም። እርግብግቢት ክፍት እስከሆነ ድረስ በአልትራሳውንድ ደም መፍሰስንና የክፍተቶችን መስፋት አልጋው አጠገብ ማየት ይቻላል፤ ዋጋውም ከኤምአርአይ ጋር አይነጻጸርም።

ኤምአርአይ የማይመልሰው ጥያቄ

ሦስት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ አይናገርም። ወላጆች ገንዘብ አጠራቅመው፣ አንዳንዶች ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ኤምአርአይ ያስነሣሉ። ሪፖርቱ "ምንም የለም" ይላል። ልጁ ግን አሁንም አይናገርም። ወላጆች ወይ ተጽናንተው ሌላ ምርመራ ያቆማሉ፣ ወይ ማሽኑ አልሠራም ብለው ሌላ ቦታ ይደግማሉ።

የንግግር መዘግየት መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ማግኔት ሳይሆን ወደ ጆሮ ነው፤ የመስማት ምርመራ ያልተደረገለት የማይናገር ልጅ ኤምአርአይ ሊላክ አይገባም። ኦቲዝምም በኤምአርአይ አይታይም። በቡድን ደረጃ በአማካይ የተገኙ ትናንሽ ልዩነቶች አሉ፤ አንድን ልጅ ግን "አለበት" ወይም "የለበትም" የሚያሰኝ ምስል የለም። የልጁን ባሕርይና ጨዋታ የሚመዝን የሠለጠነ ባለሙያ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። "ኤምአርአይ አስነሥተን ኦቲዝም መሆኑን እናረጋግጥ" የሚል ካለ የሚሸጠው ነገር ዋጋ የለውም።

ምርመራው ተገቢ የሚሆነው ምልክት ሲኖር ነው፦ የጭንቅላት ዙሪያ ከመስመሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ፣ አንድ ጎን ሲደክም፣ ከአንድ የአካል ክፍል የሚነሣ የሚጥል በሽታ ሲታይ፣ ልጁ የቻለውን ነገር መልሶ ሲያጣ። የመጨረሻው አስቸኳይ ነው። እዚህም ቢሆን ጤነኛ ምስል ችግር የለም ማለት አይደለም፤ የዘረመልና የሜታቦሊዝም ሕመሞች ብዙዎቹ በምስል ላይ አሻራ የላቸውም። መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ምርመራ፣ በጋዶሊኒየም የሚደረገው፣ ለዕድገት ግምገማ አያስፈልግም። ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ካልተጠረጠረ ለምን እንደታዘዘ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

የማን ልጅ ነው መለኪያው?

በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የአንጎል የዕድገት ሰንጠረዥ ታተመ፤ የ101,457 ሰዎች 123,984 ምስሎች ተሰብስበው፣ ከፅንስ እስከ መቶ ዓመት። የሕጻናት ክብደት በካርድ ላይ እንደሚመዘገበው ሁሉ የአንጎል መጠንም መስመር ተሠራለት። የግራጫው ክፍል መጠን ጫፍ ላይ የሚደርሰው በስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ የውፍረቱ ጫፍ ከዚያ ቀድሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያልፋል፤ ነጩ ክፍል ግን እስከ 29 ዓመት ገደማ ያድጋል። ከስድስት ዓመት በኋላ የግራጫው መቀነስ ጉዳት አይደለም፤ አንጎል የማይጠቀምባቸውን ግንኙነቶች መግረዙና ልባሱ ወደ ላይኛው ሽፋን መግባቱ አንድ ላይ የሚያመጡት ነው።

ችግሩ ምስሎቹ የመጡበት ቦታ ነው። በብዛት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። ክብደትና ቁመት ላይ ይህ ስሕተት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ታርሟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው መለኪያ ከስድስት አገሮች፣ ጋና ጭምር፣ የተውጣጡ ሕጻናትን ይዟል። አንጎል ላይ ገና ነው። በዚያው በ2022፣ በዚያው በኔቸር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንጎል መጠንን ከባሕርይ ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች እንዲደገሙ በሺህ የሚቆጠሩ ተሳታፊዎች እንደሚያስፈልጋቸው አሳየ። በሠላሳ ልጆች ላይ ተሠርቶ "ድሃ ልጆች አንጎላቸው ትንሽ ነው" የሚል ርእስ ሲያጋጥምዎ ይህን ያስታውሱ።

ክፍተቱን ይሞላል ተብሎ የሚጠበቀው ጉልበቱ ዝቅ ያለ ማግኔት ነው። የተለመደው 1.5 ቴስላ ማሽን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም፣ የሬዲዮ ሞገድ የማያስገባ ክፍልና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው፣ ስዉፕ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ማሽን በ64 ሚሊቴስላ፣ ማለትም ከሃያ እጥፍ በላይ ባነሰ ጉልበት ይሠራል። ሂሊየም የለውም፣ ተራ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በጎማ ወደ አልጋው ይገፋል። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ በሚካሄደው ኩላ በሚባለው ጥናት የሕጻናትን የመጀመሪያ ሺህ ቀናት ለመከታተል አገልግሏል። የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለ፦ አንዱ ቁራጭ ምስል 5 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ተመራማሪዎች ከሦስት አቅጣጫ አንሥተው በስሌት ያዋህዱታል፤ ለአጠቃላይ መጠንና ለፈሳሽ መከማቸት ይበቃል። የሚጥል በሽታ የሚያስነሣ ትንሽ የሽፋን ጉድለት ወይም ያ ቀጭን የካፕሱል መስመር ግን ሊያመልጠው ይችላል። ትልቁን ማሽን አይተካም።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን አጠቃቀሙ ምግብ ነው። በ2019 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ከባድ የምግብ እጥረት አንጎልን እንደሚያኮማትር፣ ኩምታሬው ግን ሊመለስ እንደሚችል፣ በ1992 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት አሳይቶ ነበር፤ ክዋሺዮርኮር ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ 12 ልጆች ሁሉም አንጎላቸው ተኮማትሮ ተገኘ፣ ምግብ አግኝተው በዘጠናኛው ቀን ሲታዩ የአብዛኛዎቹ ተመልሷል። ያኔ ልጅን ሦስት ጊዜ ትልቅ ማሽን ውስጥ ማስገባት ብርቅ ነበር፤ አሁን አልጋው አጠገብ ሊደረግ ይችላል። እንዲህ ያለ ክትትል የሚያቅድ ማዕከል ታዲያ የመግቢያውንም የዘጠናኛ ቀኑንም ምስል በአንድ ማሽን፣ በአንድ የጭንቅላት ኮይል (ምልክቱን የሚቀበለው ክፍል) እና በአንድ ዓይነት አሠራር ማንሣት አለበት። የሶፍትዌሩ እትም በመሀል ከተቀየረም ቀኑ ይመዝገብ፤ አለዚያ የታየው ለውጥ የልጁ ይሁን የማሽኑ የሚለይበት መንገድ የለም።